ያልዋሸሁበት ቀን

ስለ ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ስለ እሱ አንድም ሐሰት አልተናገርኩም፤ ቢያንስ አውቄ የተናገርኩት የለም። ይህን ስል ራሴን የማመሰግን እንዳይመስል፤ በደሌ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እነቃ ነበር፤ ዐይን ያወጣ ውሸት ባለቤቱንም ያስደነግጣል። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ስለነበር ግን ያደረግኩትን በስሙ ለመጥራት ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ።

አንባቢዬን የማየው እንደ ንስሐ አባት ነው፤ ሆኖም «ይፍቱኝ» ለማለት አልመጣሁም። የበደልኩት ሌላ ሰው ስለሆነ አንባቢ ሊፈታኝ አይችልም። ደግሞም ይቅርታ የሚጠብቅ ሰው ታሪኩን ወደ ራሱ ማጋደሉ አይቀርም። እኔም ሳላጋድል እናገራለሁ ብዬ አልምልም፤ ሲያጋድል ካየሁት ግን እዚያው ለመናገር እሞክራለሁ።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የፍልስፍና መግቢያ አስተምር ነበር። የዕለቱ ትምህርት ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው «የሞራል ሜታፊዚክስ መሠረት» በተባለው ትንሽ መጽሐፍ ላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዋናውን ሐሳብ እንደ ወትሮዬ አስረዳሁ፦ ሰው የሚመራበትን ደንብ ለሁሉም ሕግ ሊሆን ይችል እንደሆነ መፈተን እንዳለበት፤ በራሱም ሆነ በሌላው ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት እንደ መጠቀሚያ ብቻ ሊይዘው እንደማይገባ፤ ዋጋ የወጣለት ነገር ሁሉ በሌላ ሲተካ የሰው ክብር ግን ምትክ እንደሌለው። ይህን ክፍል ማስተማር እወድ ነበር። ስደርስበት ድምፄም ይለወጥ ነበር መሰለኝ።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ‹ሰው› ሲል እኛንም ማለቱ ነው?»

ጥቂት ተማሪዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «ካንት የሚናገረው ማሰብ ስለሚችል ፍጡር ሁሉ ነው» አልኳት። «በሌላ ዓለም ከሰው ሌላ የሚያስብ ፍጡር ቢገኝ እንኳ ሕጉ እሱንም ያቅፋል።» ክፍሉ በመልሱ ተደሰተ። እሷም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩ።

ከመልሴ ውስጥ ስሕተት የሆነ ቃል የለም፤ መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው። ልጅቷ ግን የጠየቀችው ሕጉ ማንን እንደሚያቅፍ አልነበረም። ሕጉን የጻፈው ሰው ሲጽፈው ማንን እያሰበ እንደነበር ነው የጠየቀችኝ። ጥያቄው ስለ ሰውየው ነበር፤ መልሴ ስለ ሕጉ ሆነ። ልዩነቱ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ገብቶኝ ነበር። ከመመለሴ በፊት ለአንድ አፍታ ዝም ማለቴን አስታውሳለሁ፤ በዚያች አፍታ መረጥኩ።

የማውቀው ምን ነበር? ካንት በ1764 ስለ ውበትና ስለ ግርማ ስሜት ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ የአፍሪካ ጥቁሮች ከተራ ነገር ከፍ የሚል ስሜት በተፈጥሮ እንደሌላቸው፣ ከመካከላቸውም በጥበብም ሆነ በዕውቀት ትልቅ ነገር ያሳየ አንድም ሰው እንዳልተገኘ ጽፏል። ምስክር አድርጎ የጠራው ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ስለ ጥቁሮች የጻፈውን ማስታወሻ ነው። እዚያው አካባቢ አንድ ጥቁር አናጢ ተናገረ የተባለውን ይጠቅሳል። በንግግሩ ውስጥ ልብ የሚባል ነገር ሊኖር እንደሚችል ካመነ በኋላ፣ ሰውየው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጥቁር መሆኑን ለንግግሩ ሞኝነት ግልጽ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ይህ በተጻፈበት ጊዜ፣ በዛሬዋ ጋና የተወለደው አንቶን ቪልሄልም አሞ በ1734 በቪተንበርግ ስለ ሰው አእምሮ የጻፈውን የፍልስፍና ጥናት ካቀረበ፣ በሃለና በየና ዩኒቨርሲቲዎችም ካስተማረ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር።

ይህ የጥንቱ ካንት ነው፣ ታላላቆቹን መጻሕፍት ገና ሳይጽፍ ነው ሊባል ይችላል። እኔም ብዬዋለሁ፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን በ1788፣ «የተግባራዊ አመክንዮ ሒስ» የተባለው የግዴታ መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት፣ አንድ የጀርመን መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ሥራ እንደማይወዱ የሚናገረውን የባርነት ደጋፊ ሐተታ እንደ ማስረጃ ተቀብሎ ጠቅሶታል። አንድ ሰው፣ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም አንድ ጠረጴዛ።

የ1764ቱን ገጽ መጀመሪያ ያነበብኩት በወጣትነቴ፣ ውጭ አገር ስማር፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ነው። አንብቤ ስጨርስ ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። የሚያየኝ አልነበረም፤ ቢኖርም የማነበው ምን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሆኖም ገጹን በእጄ ሸፈንኩት። አፍሬ ነበር። በካንት አፍሬ ቢሆን ደግ ነበር፤ እንደማስበው ግን ያፈርኩት በራሴ ነው፤ የተሰደብኩት እኔ ሆኜ ሳለ የተያዝኩትም እኔ የሆንኩ ያህል። ከዚያ ገጹን ገለበጥኩ። ስለዚህ ነገር በጥናቴ ውስጥ አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። እስከዚያች ተማሪ ድረስ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ስመረምር ቀድመው የሚመጡልኝ የሚያምሩት ምክንያቶች ናቸው። ተማሪዎቹ ጀማሪዎች ናቸው፤ ሐሳቡን ሳይረዱ ጉድለቱን ከሰሙ ሳያነቡት ይጥሉታል። ይህ እውነት ነው፤ እንዲያ የሚያደርጉ አይጠፉም። ደግሞም የሐሳብ ክብደት በባለቤቱ ጠባይ አይለካም። ይህም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ከእነሱ በታች ምን እንዳለ ለማየት አልቸኮልኩም።

ከእነሱ በታች ያለው የማያምር ነው። ወጣትነቴን ለካንት ሰጥቻለሁ። ጀርመንኛ የተማርኩት እሱን ለማንበብ ነው፤ በሥራ ባልደረቦቼ ዘንድም የምታወቀው በእሱ ነው። እሱ ያነሰ እንደሆነ እኔም የማንስ መሰለኝ። የልጅቷ ጥያቄ የተወረወረው ወደ ካንት ነበር፤ እኔ የመከትኩት ግን ለራሴ ነው። ከዚህም ዝቅ ስል እፍረቱን አገኘዋለሁ። ያንን ገጽ ብናገር፣ ይህን እያወቅህ ዕድሜህን እንዴት ሰጠኸው የሚል ጥያቄ ይከተላል። ለዚያ መልስ አልነበረኝም። ወይም በትክክል ለመናገር፣ መልስ ይኖረኝ እንደሆነ ለማየት ፈርቼ ነበር።

መጠለያም ነበረኝ፤ መጠለያውን የሠራልኝ ራሱ ካንት ነው። በ1766 ለፈላስፋው ሞሰስ ሜንደልስዞን በጻፈው ደብዳቤ፣ በጽኑ እያመነባቸው ለመናገር ፈጽሞ የማይደፍራቸው ብዙ ነገሮች እንዳሉት፣ የማያምንበትን ነገር ግን ፈጽሞ እንደማይናገር ይገልጻል። ይህን ሐሳብ እንደ መተዳደሪያዬ ይዤው ኖርኩ። ያላመንኩበትን አልናገርም፤ የማምንበትን ሁሉ መናገር ግን አልተገደድኩም። በ1797 ጸሐፊው ቤንጃሚን ኮንስታን ላነሳበት ተቃውሞ ሲመልስ ደግሞ፣ ጓደኛችንን ሊገድል ደጃፋችን ለቆመ ነፍሰ ገዳይ እንኳ መዋሸት እንደማይፈቀድ ተከራክሯል። ብዙ ሰው ይህን ጭካኔ ይለዋል። እኔ ግን የማየው ሌላውን ጎን ነበር፦ የውሸትን በር እንዲህ አጥብቆ የዘጋ ሰው የዝምታን በር ወለል አድርጎ ትቶታል። እኔም በዚያ በር ገባሁ።

በዚያ በር እሱም ገብቶበት ያውቃል። በ1794 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሁለተኛ ስለ ሃይማኖት በጻፈው የተነሣ በገሠጸው ጊዜ፣ ካንት የግርማዊነትዎ ታማኝ ዜጋ እንደመሆኔ ስለ ሃይማኖት በአደባባይ ከመናገር እታቀባለሁ ብሎ ቃል ገባ። ንጉሡ በ1797 ሞተ። ካንትም በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ «የግርማዊነትዎ» የሚለውን አነጋገር አስቦ እንደመረጠው ራሱ ገለጸ፤ ቃሉ የሚያስረው ያ ንጉሥ በሕይወት እስካለ ብቻ እንዲሆን ነበር። ቃሉ እውነት ነበር፤ ሰሚው ግን ከተነገረው በላይ እንዲሰማ ተደርጎ የተቀመረ እውነት። እኔም ለልጅቷ የሰጠኋት እንዲህ ያለውን ነው። ልዩነታችን ግን ሰፊ ነው። እሱ ይህን ያደረገው ሊቀጣው ከሚችል ንጉሥ ፊት ቆሞ ነው፤ ኋላም ራሱ አወጣው። እኔ ያደረግኩት ውጤቷ በእጄ ባለ ተማሪ ፊት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ንጉሡ እኔ ነበርኩ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። ላልተጠየቀ ሰው ልክ ነው። የተጠየቀ ሰው ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ የኔ ሲነቅዝ ደግሞ ድምፅ አልነበረውም።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ ወደ ቢሮዬ መጣች። መጽሐፉን አግኝታው ነበር፤ ገጹን በእርሳስ ምልክት አድርጋበታለች። አልተቆጣችም። «ይህን ያውቁት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን አደረግኩ፤ ከመጀመሪያው የሚከፋው ይህ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ድንገት ነበር፣ ይህ ግን ተሰናድቶ የቆየ ነው። «አዎ፣ ግን ይህ ታላላቆቹን መጻሕፍት ሳይጽፍ የጻፈው ነው፤ ኋላ ተለውጧል የሚሉ ምሁራን አሉ» አልኳት። ሲጽፈው ግን ካንት ወደ አርባ ዓመቱ ነበር። የ1788ቱን ጽሑፍም አውቀው ነበር፤ እሷ ግን ገና አላገኘችውም። ያላገኘችውን አልነገርኳትም። አመስግናኝ ወጣች። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨረሰች፤ በቀሩት ክፍለ ጊዜያት ግን እጇን አውጥታ አልጠየቀችም። ይህን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው፤ ልብ ስልም በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። እውነቱን እናገራለሁ ካልኩ ይህንንም መናገር አለብኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በንባብ ዝርዝሩ ላይ ያንን ገጽ ጨመርኩት። ለምን እንደጨመርኩት ለማንም አልተናገርኩም። ሥራውን ያረምኩ መስሎኝ ነበር።

በደሌን እንደ በደል ያየሁት በእሷ ፊት አልነበረም። ስለ ግዴታ ለማስተማር ስዘጋጅ፣ የአንዲት ሌላ ወጣት ሴት ደብዳቤ ሳነብ ነው። ማሪያ ፎን ሄርበርት ትባላለች፤ የኦስትሪያዋ ክላገንፉርት ሰው ናት። ነሐሴ 1791 ለካንት ጻፈችለት፤ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። የምትወደው ሰው ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበራትን ፍቅር ግን ደብቃው ቆየች። በመጨረሻ ስትነግረው ልቡ ቀዘቀዘ። ሕይወት አስጠላት። መጻሕፍቱን አንብባ ነበርና ራሷን ከማጥፋት የከለከላት የእሱ ትምህርት እንደሆነ፣ ነገር ግን ያ ትምህርት ለቁስሏ አንዳች እንዳላደረገላት ገልጻ መልስ ለመነችው።

ካንት በ1792 የጸደይ ወራት መለሰላት። መልሱን እንደ ስብከት ትምህርት፣ ተግሣጽና ማጽናኛ ብሎ በሦስት ከፈለው። በመጀመሪያው ክፍል በልብ መያዝና በማታለል መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳል፤ ሰው ያለውን ሁሉ አለመግለጹ በደል አይደለም፣ ሐሰት መናገር ግን ራስን ማርከስ ነው ይላል። እዚህ ስደርስ ደስ አለኝ። ያ መጠለያዬ ነበር፤ በራሱ በካንት እጅ ለሁለተኛ ጊዜ ተሠርቶ አገኘሁት። ለተማሪዎቼ የማነበውን ክፍል እንኳ ምልክት አድርጌበት ነበር።

ተግሣጹ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ይጠይቃታል። የሚያሠቃይሽ ምንድነው? ሳትጠነቀቂ መናገርሽና ያጣሽው ነገር ነው ወይስ ያደረግሽው ራሱ? የመጀመሪያው ከሆነ ያ የሕሊና ወቀሳ አይደለም፤ ስሌት ስለተበላሸበት ሰው ቁጭት ነው። ጥያቄው የማሪያ ነበር። እኔ ግን ልጅቷ ቢሮዬ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር ነበረኝ፤ ጸጸት ነው ብዬ አክብሬ ይዤው ነበር። ጥያቄውን በእሱ ላይ ሞከርኩት። ምን ነበር የቆረቆረኝ? ገጹን ማግኘቷ። እሱ ብቻ። ገጹን ባታገኘው ኖሮ ምንም ባልቆረቆረኝ ነበር። ጸጸት ብዬ የያዝኩት የተነቃበት ሰው ቅሬታ ነበር። በመጠለያዬ ውስጥ እንዳልነበርኩ ያን ጊዜ አየሁ፤ በልብ የሚያዝ ነገር የራስ የሆነ ነገር ነው፤ ያ ገጽ ግን የኔ አልነበረም። ስለ እሷም የተጻፈ ነበር። ስለ እሷ የተጻፈውን ከእሷ ሸሸግኩ።

ካንት በየትኛውም ገጹ እንዲህ አላገኘኝም ነበር። የሚገርመው ደግሞ የማሪያ ታሪክ መጨረሻው ነው። በ1793 መጀመሪያ እንደገና ጻፈችለት፤ ውስጧ ባዶ እንደሆነ፣ ግዴታዋን መፈጸም እንደማይከብዳት፣ ግን ከዚያ በኋላ የምትኖርለት ነገር እንደሌላት ነገረችው። አልመለሰላትም። ደብዳቤዎቿን የጓደኛው ልጅ ለሆነች ለሌላ ወጣት ሴት ማስጠንቀቂያ ይሆኗት ዘንድ ላከላት። ማሪያ በ1803 ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ካንት በዚያ ሞት ተጠያቂ ነው አልልም፤ አሥር ዓመት ረጅም ነው። ነገር ግን ጠያቂን ወደ ምሳሌነት ለውጦ ለሌላ ማስተላለፍ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይህን ስጽፍም ያቺን ተማሪ ምሳሌ እያደረግኳት እንደሆነ አይጠፋኝም።

በደሉ በእሷ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በማስተምረው ነገር ላይም ነበር። ካንት በ1781 «የንጹሕ አመክንዮ ሒስ» ላይ የሠራው ትልቁ ሥራ ለአመክንዮ ድንበር ማበጀት ነው። አእምሮ ከተሞክሮ ተነጥሎ ሲበር የሚይዘው ነገር የለም፤ ዓለም መጀመሪያ አለው ብሎም ሆነ የለውም ብሎ እኩል ይከራከራል፤ ሁለቱም ወገን የረታ ይመስለዋል። ዕውቀት የሚገኘው የስሜት ሕዋሳት የሚሰጡትን አስተሳሰባችን ሲያዋቅረው ነው። ይህን ያስተማረው ሰው ከምሥራቅ ፕሩሲያ ርቆ ሳይሄድ፣ ለአርባ ዓመት ያህል በኮኒግስበርግ ስለ ዓለም ሕዝቦች ከመንገደኞች መጻሕፍት እየቀዳ አስተማረ። በ1783 ሂዩም ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ ብሎ የመሰከረለት ስለ ምክንያትና ውጤት ነው፤ እዚያ ላይ የሂዩምን መደምደሚያ አልቀበልም ብሎ ዓመታት ደከመበት። ስለ እኛ የተጻፈውን የሂዩምን ማስታወሻ ግን ሳይመረምር ተቀበለ። የስኮትላንዱ ጄምስ ቢቲ ያንን ማስታወሻ በ1770 በጽሑፍ ተቃውሞታል፤ ካንት ግን ቢቲን የሚያነሳው ሂዩም ያልገባው ሰው አድርጎ ነው። ከካፒቴን ኩክ ጋር ዓለምን የዞረው ጌኦርግ ፎርስተር፣ ካንት ስለ ሰው ዘር የጻፈውን በ1786 ሲቃወም፣ መልስ ያገኘው በዚያ በ1788ቱ ጽሑፍ ነው። ባየው ላይ ያላየው ፈረደ።

አመክንዮ ከተሞክሮ ሲለይ እንዴት እንደሚስት ከዚህ የበለጠ ማሳያ ከየት ይገኛል? ክሱን የሚያቀርበው የራሱ የካንት ሕግ ነው። ልጅቷ ይህን በር በአንድ ጥያቄ ከፍታልኝ ነበር። ትምህርቱን ላድን ብዬ የትምህርቱን ልብ ከተማሪዎቼ ደበቅኩ። ደግሞ ልጠንቀቅ፦ «ትምህርቱን ላድን ብዬ» ማለት ራሱ ከሚያምሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ሲጽፍ ካንት አውሮፓውያን በሌሎች አገሮች የሚያደርጉትን ግፍ አውግዟል፤ የስኳር ደሴቶችንም የጨካኝ ባርነት መናኸሪያ ብሏቸዋል። በዚህ ተነሥተው ሐሳቡን ለውጧል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ አልለወጠም የሚሉም አሉ። ተለውጧል እንበል። ቀድሞ ያልኩት ስሕተት ነበር ብሎ ግን በአንድም ገጽ አልጻፈም። አስተካክሎ አለፈ። እኔ ገጹን በንባብ ዝርዝሩ ላይ ሳስገባ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ተስተካክሎ የሚታለፍ ስሕተት ለሚመጡት ይጠቅም ይሆናል፤ የተበደለው ሰው ግን ከነጥያቄው እዚያው ይቀራል።

አሁን ለምን እናገራለሁ? እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል። በዚያው በ1785ቱ መጽሐፍ ካንት፣ ሰው ራሱን የቱንም ያህል ቢመረምር የሥራውን ስውር መነሻ እስከ መጨረሻው ሊደርስበት እንደማይችል፣ ከመልካም ምክንያቶቻችን ጀርባ ውዱ እኔነታችን ተደብቆ ሊገኝ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ይህን ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ በራሴ ላይ ስይዘው ግን ሌላ ነው። በ2020 የካንት የዘር አመለካከት በጀርመን ጋዜጦች ሳይቀር የክርክር ርእስ ሆነ። እኔ ያን ቀን ልናገር የፈራሁት ዛሬ የሚያስጨበጭብ ነገር ነው። ዝም ያልኩት ዝምታ ሲያስከብረኝ ከነበረ፣ የምናገረው መናገር ሲያስከብረኝ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? አላውቅም። መነሻዬ ንጹሕ ሆኖ እስኪገኝ ብጠብቅ ግን መቼም አልናገርም፤ ይህም ሌላ መጠለያ ይሆንልኛል።

ለልጅቷ እስካሁን አልነገርኳትም። ይህን ስል ሰበቦቹ ወዲያው ይሰለፋሉ፦ ረስታው ይሆናል፤ የኔን ሸክም ምን በወጣት ትከሻ ላይ አደረገው፤ ደብዳቤ ቢደርሳት ይቅርታ እንድትሰጠኝ የተገደደች ይመስላታል። የመጨረሻው እንኳ እውነትነት አለው። ግን ይህን አሠላለፍ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ክፍል ውስጥም እንዲሁ በእውነት የተሞላ ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንባቢ ከማየቱ በፊት ይቅርታ ሳልጠይቅ፣ መልስም ሳልጠብቅ ልልክላት ወስኛለሁ። ከውሳኔው እስከ መላኩ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁና በዚህ መመካት አልችልም።

ለጥያቄዋ ግን መልስ አለ። ‹ሰው› ሲል እኛንም ማለቱ ነው? ሕጉ እኛን ያቅፋል፤ ከሕጉ ቃል ውስጥ እኛን የሚያስወጣ አንድም ነገር የለም። ሕጉን የጻፈው ሰው ግን ስለ እኛ በ1764 የጻፈው ከሕጉ ጋር አይታረቅም፤ ሕጉን ከጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላም የሰዎችን ባርነት የሚደግፍ ጽሑፍ ምስክር አድርጎ ጠርቷል። ጥያቄሽ ትክክለኛ ነው። ሁለቱንም አንብቢ፤ እኔም ሳነበው አፍሬ ገጹን ሸፍኜው ነበር፤ ሕጉን ይዘን ሰውየውን ልንከሰው እንችል እንደሆነ አብረን እንይ።

ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህም ውስጥ ያን ቀን የማላውቀው አንድም ነገር አልነበረም።